ጥጉን መያዝ አያድንዎትም

ጥያቄ፦ «ሥራ ቦታዬ ከቤቴ 7 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በብስክሌት መመላለስ ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። መኪና ስለምፈራ ሁልጊዜ የመንገዱን ጥግ ይዤ ነው የምሄደው፤ ግን ጥጉን ባጠበቅሁ ቁጥር መኪኖቹ ይበልጥ እየተጠጉኝ ያልፋሉ። ባለፈው ሳምንት የቆመ መኪና በር ድንገት ተከፍቶ ለጥቂት ተረፍኩ። በማግስቱ ደግሞ አንዱ ደርቦኝ ካለፈ በኋላ ፊቴ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ሹፌር የሆነው ወንድሜ ‹በተቃራኒው በኩል ሆነሽ መኪናውን ፊት ለፊት እያየሽው ብትሄጂ ይሻልሻል› ይለኛል። እውነቱን ነው? ሌላው፣ ስመለስ ስለሚመሽብኝ መብራትም ሄልሜትም ያስፈልገኛል፤ ገንዘቤ ግን በዚህ ወር ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የቱን ላስቀድም?»

መልስ፦ ከወንድምዎ ምክር እንጀምር፤ ዛሬውኑ መተው ያለበት እሱ ነውና። ሐሳቡ የተወሰደው ከእግረኛ ነው። እግረኛ መኪናን ፊት ለፊት እያየ መሄዱ ይጠቅመዋል፤ ባለበት ቆም ሊል፣ አንድ እርምጃም ወደ ጎን ሊል ይችላል። ብስክሌት ወደ ጎን አይራመድም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። እርስዎ በሰዓት 18፣ መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። አቅጣጫው አንድ ከሆነ መኪናው የሚቀርብዎት በ32 ነው፤ ፊት ለፊት ከሆነ በ68። ሹፌሩ በ60 ሜትር ርቀት ላይ ቢያይዎት፣ በመጀመሪያው ሁኔታ ወደ 7 ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ አለው፤ በሁለተኛው ከ3 ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም። ከኋላዎ የሚመጣ ሹፌር ማለፍ ካልቻለ ፍጥነቱን ወደ 18 አውርዶ ይከተልዎታል። ፊት ለፊት የሚመጣው ግን ያለው ምርጫ ጨርሶ መቆም ወይም መሪ መጠምዘዝ ነው። ግጭት ከደረሰ ደግሞ ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ በ68 መጋጨት በ32 ከመጋጨት ከ4 እጥፍ በላይ የከፋ ነው።

አንድ ሌላ ጣጣም አለ። ከጎን መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ የሚፈልግ ሹፌር አንገቱን የሚያዞረው ወደ ግራ ነው፤ መኪና የሚመጣበት ከዚያ ነዋ። በቀኙ በኩል የሚመጣ ብስክሌት አለ ብሎ አያስብም፣ ስለዚህ አያይም። (እዚህ የምንናገረው መኪና በቀኝ በኩል ስለሚነዳበት አገር ነው። በግራ በሚነዳበት አገር ያላችሁ አንባቢዎች ግራና ቀኙን እያለዋወጣችሁ አንብቡ።)

አሁን ወደ ጥጉ። ጀማሪ ጥጉን የሚይዘው ከመኪና ለመሸሽ ነው፤ ሹፌሩ ግን የሚረዳው ሌላ ነው። ጥግ ላይ የተለጠፈ ብስክሌተኛ «ቦታ ለቅቄልሃለሁ፣ እለፍ» ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ ረድፉን ሳይቀይር፣ ፍጥነቱንም ሳይቀንስ በቀረችው ክፍተት ይሾልካል። ክፍተቷ ትበቃው እንደሆነ እንለካት። ጎማዎ ከመንገዱ ጠርዝ 75 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የመሪዎ ወርድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ግራ እጅዎ ከጠርዙ 1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይደርሳል። መኪናው 1 ሜትር ተኩል ርቆ ይለፍ፤ ስፔን በሕግ ያስቀመጠችው፣ ጀርመንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለከተማ ውስጥ የደነገገችው ዝቅተኛ ርቀት ይህ ነው (ጀርመን ከከተማ ውጭ 2 ሜትር ትጠይቃለች)። መኪናው ራሱ ከነስፖኪዮው 2 ሜትር ይይዛል። ድምሩ ከ4 ሜትር ተኩል ያልፋል። የአንድ ረድፍ ወርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 3 ሜትር ተኩል ነው። እንግዲህ ሹፌሩ ወደ ሌላው ረድፍ ካልወጣ በቀር በሰላም ሊያልፍዎት አይችልም። ጥጉን ሲይዙ ቦታ አልጨመሩለትም፤ ቦታ ያለ አስመሰሉለት እንጂ።

በዚያ ላይ ጥጉ ራሱ የመንገዱ መጥፎ ክፍል ነው። የመስታወት ስብርባሪ፣ ጠጠርና አሸዋ በመኪና ጎማ እየተጠረገ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ የፍሳሽ ፍርግርግም እዚያው ነው። የፍርግርጉ ክፍተቶች ወደሚሄዱበት አቅጣጫ የተዘረጉ ከሆኑ ቀጭን ጎማ ውጦ ያስቀራል። ደግሞም ጠርዙን ታከው እየሄዱ ጉድጓድ ቢያጋጥምዎት የሚሸሹበት ወገን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መኪናው ያለበት።

ስለዚህ መንገዱ ሰፊ ሲሆን ከጠርዙ ከ75 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይራቁና ቀጥ ያለ መስመር ይያዙ። መንገዱ ሲጠብ፣ ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲቃረቡ፣ አደባባይ ውስጥ ሲገቡ፣ ቁልቁለት ላይ ፍጥነትዎ ከመኪኖቹ ሲስተካከል ደግሞ የረድፉን መሃል ይያዙ። ወደ መሃል የሚገቡበት ጊዜ ወሳኝ ነው፤ ጥበቱ ሳይጀምር፣ 30 ሜትር ያህል ሲቀረው ነው መጀመር ያለብዎት። ወደ ኋላ ይመልከቱ፣ ግራ እጅዎን ዘርግተው ያሳዩ፣ እንደገና ይመልከቱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይግቡ። ከኋላ ያለው ሹፌር ፍጥነቱን ለመቀነስ ጊዜ ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። አደጋ የሚመጣው በድንገት ፊቱ ሲገቡበት ነው። መንገዱ ሲሰፋ ተመልሰው ወደ ቀኝ ይጠጉ፤ ከኋላዎ ብዙ መኪና ከተሰለፈም ምቹ ቦታ ሲያገኙ ዳር ይዘው ያሳልፏቸው።

መሃል መያዝ ግን ለሁሉም መንገድ አይሠራም። መኪና በሰዓት 70 እና 80 ኪሎ ሜትር የሚበርበት መንገድ ላይ ብስክሌት ይዞ መሃል መግባት ድፍረት እንጂ ዘዴ አይደለም። ያለ ብስክሌት መስመር እንዲህ ያለ መንገድ ካለብዎት ሌላ ይፈልጉ። በውስጥ ለውስጥ መንገድ 7 ኪሎ ሜትሩ 9 ቢሆንብዎት እንኳ የሚጨምርብዎት 7 ደቂቃ ገደማ ነው።

የተከፈተብዎት በር ዕድለ ቢስነት አልነበረም፤ ጥጉን የመያዝ ሌላኛው ዋጋ ነው። የመኪና በር ሲከፈት ወደ 1 ሜትር ይዘረጋል፤ የባለ ሁለት በር መኪና ሲሆን ይብሳል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 5 ሜትር ነው። በሩ ደግሞ ሰከንድ ሳይሞላ ይከፈታል። ስለዚህ ፍሬን አይደርስልዎትም፤ የሚያድንዎት ቀድሞውኑ በሩ የማይደርስበት ቦታ መሆንዎ ብቻ ነው። ከቆሙ መኪኖች ጎን ሲያልፉ የቀኝ እጅዎ ጫፍ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ይህን ያህል ርቀት የሚጠየቀው በሩ ደረት ላይ ስለሚመታ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የበሩ ጠርዝ የመሪውን ቀኝ ጫፍ ይይዘዋል፤ መሪው ወደ ቀኝ ይጠመዘዝና ጋላቢው ወደ ግራ፣ መኪና ወደሚያልፍበት ረድፍ ይወረወራል። ርቀቱን መጠበቅ በማይቻልበት ቦታ ወደ እግር ጉዞ ፍጥነት ይቀንሱ። አሁን የቆመ፣ የፍሬን መብራቱ ያልጠፋ፣ ሰው የተቀመጠበት ወይም የፊት ጎማው ወደ መንገዱ የዞረ መኪና ካዩ ይጠርጥሩ። በሁለት የቆሙ መኪኖች መካከል ባለች አጭር ክፍተት ውስጥ ገብቶ መውጣትም አይልመድብዎት፤ ሲገቡ ከኋላ ላለው ሹፌር ይሰወሩበታል፣ ሲወጡ ከመሬት እንደ በቀሉ ይሆኑበታል።

ደርቦ አልፎ ፊትዎ ላይ የታጠፈው ሹፌር ምናልባት አይቶዎታል። ያላየው ፍጥነትዎን ነው። ሹፌሮች ብስክሌትን እንደ ቆመ ነገር ይቆጥሩታልና «አልፌያታለሁ» ብሎ ባሰበበት ቅጽበት እርስዎ ገና ከኋላ በሩ ትይዩ ነበሩ። ይህ ዓይነቱ አደጋ የሚደርሰው መታጠፊያ አጠገብ ስለሆነ መከላከያውም እዚያው ነው። መታጠፊያው 20 ወይም 30 ሜትር ሲቀረው የረድፉን መሃል ይያዙ፤ ያኔ ሹፌሩ ሊታጠፍ ቢፈልግ ከኋላዎ ቆይቶ ይታጠፋል እንጂ በላይዎ አይቆርጥም። መታጠፊያውን እንዳለፉ ይመለሱ። ከፊትዎ ያለ መኪና ወደ መስቀለኛው ሲደርስ ፍጥነቱን ከቀነሰ፣ ፍሬቻ አሳየም አላሳየም፣ በቀኙ በኩል ሾልከው አይለፉት። ዐይንዎን ከፍሬቻው ይልቅ የፊት ጎማው ላይ ያድርጉ። ሹፌር ፍሬቻ ይረሳል፤ መኪና ግን ጎማውን ሳያዞር አይታጠፍም። ትራፊክ መብራት ላይም ከመኪናው ጎን አይቁሙ። ወይ በደንብ ከፊቱ፣ ወይ ከኋላው።

ከፊት ለፊት መጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፈውም እንዲሁ ነው። የመኪናው የፊት መስታወት ግራና ቀኝ ያሉት ምሰሶዎች ብስክሌትን ከነጋላቢው ሙሉ በሙሉ ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ ሁለታችሁም በቋሚ ፍጥነት ወደ አንድ ነጥብ እየሄዳችሁ ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ እስከ መጨረሻው አብሮዎት ይጓዛል። ስለዚህ «ዐይን ለዐይን ተገናኝተናል» ብለው አይተማመኑ። የሚያይ መስሎ የማያይ ብዙ ነው። መስቀለኛ ላይ ሁለት ጣት ፍሬኑ ላይ ይሁን፣ ፔዳል መምታትዎን ያቁሙ። ፔዳል ካቆሙ በኋላም መኪናው መንቀሳቀሱን ካላቆመ ፍሬን ይያዙ።

ወደ ግራ መታጠፍ ከፈለጉና ትራፊኩ ከከበደብዎት ከሁለት ረድፍ መኪና ጋር አይታገሉ። መስቀለኛውን ቀጥታ ይሻገሩ፣ ማዶ ጥግ ላይ ይቁሙ፣ ብስክሌቱን ወደሚሄዱበት ያዙሩ፣ የዚያኛው አቅጣጫ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ይሂዱ። ወይም ወርደው በእግረኛ ማቋረጫ ይግፉት። ማንም አይፈርድብዎትም።

የከባድ መኪና ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት፤ እዚያ የሚሠራ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚገድል ስለሆነ። ረጅም የጭነት መኪና፣ አውቶቡስ ወይም ተሳቢ ያለው ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊተኞቹን መንገድ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ቆርጠው፣ ጠርዙን ታከው ያልፋሉ። ሹፌሩ ይህን ስለሚያውቅ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ከፈት ይላል። በቀኙ በኩል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል፤ ላላወቀ ግብዣ ይመስላል። ክፍተቱ የሚዘጋው በኋላ ጎማው ነው። ከባድ መኪና መስቀለኛ አካባቢ ከቆመ ወይም ቀስ ካለ ከኋላው ይጠብቁ፣ ጨርሶ በቀኙ አይግቡ። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላዩት እሱም አያይዎትም። ካዩትም እንኳ ያየዎት ለመሆኑ ማረጋገጫ የለዎትም። ካቢናው ከፍ ያለ ስለሆነ ከአፍንጫው ስር ያለውንም አያይም፤ ከፊቱ መቆም ግድ ከሆነብዎት 4 ሜትር ያህል ቀድመው፣ ወደ ግራ ወደ ሹፌሩ ጎን ሆነው ይቁሙ።

ከላይ ያልነው ሁሉ የሚሠራው ሳይወላገዱ ወደ ኋላ ማየት ከቻሉ ነው። አብዛኛው ጀማሪ አይችልም፤ ወደ ግራ ሲያይ ብስክሌቱም ወደ ግራ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ትከሻ ሲዞር የተወጠረ ክንድ መሪውን ይጎትታል። መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ 20 ሜትር መስመር ይምረጡ። ክርንዎን ያላሉ። መጀመሪያ አገጭዎን ብቻ ወደ ትከሻዎ ያምጡ፣ ከዚያ የግራ እጅዎን ከመሪው ለቀው ጭንዎ ላይ ያድርጉና ይመልከቱ። እጅ ሲለቀቅ መሪው አይጎተትም። ከመስመሩ ሳይወጡ ከኋላ የቆመ ሰው ስንት ጣት እንዳሳየዎት መናገር ሲችሉ ለመንገድ ደርሰዋል። መሪ ላይ የምትታሰር ስፖኪዮ ትረዳለች፤ ሆኖም ትከሻ ላይ የመመልከትን ቦታ አትተካም።

እዚያው ሜዳ ላይ ፍሬንም ይለማመዱ። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» እየተባለ የኋላውን ብቻ የሚይዝ ብዙ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላ ጎማ ይቀልና ቶሎ ይንሸራተታል፣ የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊቱ ነው። የሚገለብጠው በድንገት መጨበጡና ሰውነትን ሳያዘጋጁ መያዙ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሂዱ፣ ዳሌዎን ከኮርቻው ወደ ኋላና ዝቅ ያድርጉ፣ ክንድዎን ያጽኑ፣ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ በቀስ እያጠበቁ ይጨብጡ። የኋላው ጎማ መንሸራተት ከጀመረ የፊቱን በጥቂቱ ላላ ያድርጉ። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየሄዱ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ አደጋውን ካዩበት እስከቆሙበት 8 ሜትር ያህል ይፈጅብዎታል፤ ከዚያ ውስጥ 5ቱ ሜትር እጅዎ ገና ሳይጨብጥ የሚያልፍ ነው። ሁለት ጣት ፍሬን ላይ ማሳረፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በዝናብ ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ ስላለበት ርቀቱ በጣም ይረዝማል። ቀደም ብለው በጥቂቱ እየነኩ ያድርቁት።

ከቤት ሲወጡ አንድ ደቂቃ ይበቃል፦ ጎማው በጎኑ ላይ በተጻፈው መጠን ተነፍቷል? የፍሬን እጀታው ሲጨበጥ መሪውን ይነካል? ከነካ ካቦው ላልቷል ወይም የፍሬን ሸራው አልቋል። ካቴናው አይንሸራተትም? መሪ ላይ ቦርሳ አያንጠልጥሉ፤ ተወዛውዞ ወደ ጎማው ሽቦዎች ሲገባ የፊት ጎማን በአንዴ ያስራል። ሻርፕና ሰፊ ሱሪም እንዲሁ።

ወደ ግዢው እንምጣ። ሲመሽ የሚመለሱ ከሆነ መብራቱ ይቅደም። ሄልሜት የሚሠራው ከወደቁ በኋላ ነው፤ መብራት ግን መመታቱን ራሱ ያስቀራል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌት ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ማሳየት እንዲችል፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ፣ የሚሠራ ፍሬንና ደወል እንዲኖረው ይጠይቃል። የኋላውን መብራት በማይቋረጥ ብርሃን ያድርጉት፤ ብልጭ ድርግም የሚል ዐይን ይስባል፣ ሆኖም ሹፌሩ ርቀቱን ለመገመት ይቸገራል። ሁለት ካለዎት አንዱ ይብራ፣ አንዱ ብልጭ ይበል። ስህተቱ የሚበዛው አሰቃቀሉ ላይ ነው፦ የኋላው በጃኬት ጫፍ ወይም በቦርሳ ይሸፈናል፣ የፊተኛው ደግሞ ከፍ ብሎ የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል። የፊቱ ብርሃን ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቀት ላይ መሬቱን ይምታ።

ከመብራቱ ገንዘብ ጥቂት ከተረፈዎት አንጸባራቂ ጥብጣብ ገዝተው ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ይሰሩ። ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ብርሃን ሲያይ ሹፌሩ «ሰው ነው» ብሎ ቶሎ ይለያል፤ ደረት ላይ ያለ ሰደርያ ግን የመንገድ ምልክት ሊመስለው ይችላል። ደማቁ ቢጫ ሰደርያ ራሱ የሚሠራው በቀን ብርሃን ነው። ሲጨልም የሚያበራው ላዩ ላይ የተሰፋው አንጸባራቂ ጥብጣብ ብቻ ነው፤ የጀርባ ቦርሳ ደግሞ እሱንም ይሸፍነዋል።

ሄልሜቱን በቀጣዩ ወር አያስቀሩት። ከቅንድብዎ በላይ ሁለት ጣት ብቻ እንዲቀር አድርገው ግንባርዎን ያልብሱት፤ ወደ ኋላ ተንጋሎ ከተቀመጠ ግንባርን አይከላከልም። ማሰሪያዎቹ ከጆሮ ሥር ይገናኙ፣ ከአገጭ ስር አንድ ጣት ያህል ብቻ ይግባ። አንዴ በደንብ ከተመታ፣ ከውጭ ምንም ባይታይበት እንኳ ይጣል፤ ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም። ያገለገለ የማይገዛውም ለዚህ ነው።

እርጥብ የብረት ክዳንና የመንገድ ቀለም ያንሸራትታሉ፤ ላያቸው ላይ ሆነው መሪ አያዙሩ፣ ፍሬንም አይያዙ። የባቡር ሐዲድን በተቻለ መጠን ቀጥ ባለ ማዕዘን ይቁረጡት። ጥልቀቱን የማያውቁትን ኩሬ ውሃ ጉድጓድ ነው ብለው ያስቡት። የጆሮ ማዳመጫ ቤት ይቅር። ክላክስ የሚያስጮህ ወይም የሚሳደብ ሲገጥምዎት መልስ አይስጡ፤ ተናዶ የሚያልፍ ሹፌር አይቶዎታል ማለት ነው፣ የሚያስፈራው ያላየው ነው።

ለወንድምዎ ደግሞ ይህን ያንብቡለት። ከመኪና ሲወርድ በሩን በቅርቡ እጁ ሳይሆን በሩቁ፣ ማለትም በግራ ተቀምጦ ከሆነ በቀኝ እጁ ይክፈት። ትከሻው አብሮ ስለሚዞር ሳይወድ በግዱ ወደ ኋላ ያያል፤ እንግሊዝ ይህን አከፋፈት እ.ኤ.አ. በ2022 በመንገድ ደንቧ ውስጥ አስገብታዋለች። ብስክሌተኛን ሲቀድም ሌላው ረድፍ ውስጥ ሙሉ ቦታ ካላገኘ ከኋላ ይጠብቅ። ወደ ቀኝ ከመታጠፉ በፊት የቀኝ ስፖኪዮውን ይመልከት፤ ከአፍታ በፊት የቀደማት ብስክሌተኛ አሁን የት እንደደረሰች የምትነግረው ያቺው ስፖኪዮ ናት።